ጋሽ ሽኩርና የሻሌሞ ሜዳ

ጋሽ ሽኩር መሞታቸውን የሰማሁት ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ የድሮ መሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ አስቴር ነበረች።

«ሰማሽ ሮማን? የእነሱ ሰው አረፈ» አለችኝ።

ስም አልጠራችም፤ አላስፈለጋትም። ሰውየው ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷም እንደኔው መሥሪያ ቤቱን ለቃለች። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያወራችኝ። የሞተ ሰው ይሰማኛል ብላ ፈርታ እንደሆነ እንጃ። እኔም ብሆን መልስ ከመስጠቴ በፊት ከፊትና ከኋላዬ የተሰለፉትን ሰዎች አየት አየት አድርጌያለሁ።

«የእነሱ ሰው» በእኛ መሥሪያ ቤት ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ያየውንና የሰማውን ወደ ላይ የሚያደርስ ማለት ነው። «ላይ» የምንለውም በአፋችን አልነበረም። በአገጫችን ወደ ዳገቱ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ በኩል ጠቆም እናደርጋለን። የካዛንቺስ ቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁለት ጊዜ ካሳለ ቦርሳዬን አቅፋለሁ። ነጋዴ ሳልከራከረው ዋጋ ከቀነሰልኝ ዕቃውን ትቼለት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጋሽ ሽኩር ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ስትሠራ ምን እንደምትሆን አስቡት።

መሥሪያ ቤታችን የመሬትና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጉዳይ የሚመለከተው ነበር። ስሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ማኅተም ቀራጩ ዘመዳችን ሆኖ ነበር። እኔ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነበርኩ፤ ለበዓል የመልካም ምኞት መግለጫ እጽፋለሁ፣ ለስብሰባ ባነር አሠራለሁ። ጋሽ ሽኩር ምድር ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የሚገባውም የሚወጣውም ደብዳቤ በእጃቸው ያልፋል።

ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው። ግራጫ ኮታቸው በጋም ክረምትም አይለወጥም። መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ሲጠርጉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ምንም ነገር ብትጠይቋቸው መልሳቸው «ይታያል» ነው። ጋሼ ፋይል ይፈልጉልኝ፤ ይታያል። ጋሼ ዛሬ ይዘንብ ይሆን? ይታያል። ጋሼ ምሳ አብረን እንብላ ያላቸው ሰው ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ አልነበረም።

ወደ ሠራተኛው ክበብ ሲገቡ ወሬያችን ቀጥ ይላል። ዝም ማለት ራሱ ስለሚያስጠረጥር ደግሞ ወዲያው ስለ ኳስ ማውራት እንጀምራለን። ስታዲየም አካባቢ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም ኳስ የሚባል ነገር አይገባኝም ነበር፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የተማርኩት ጋሽ ሽኩርን ፈርቼ ነው። እሳቸው ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሻይ በቦምቦሊኖ ይጠጡና ይወጣሉ። በሩ ሲዘጋ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ጥርጣሬው የመጣው ከሻሌሞ ሜዳ ነው። ሻሌሞ ወደ ደቡብ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቆርኬዎች የሚወልዱበት። ቆርኬ ለማያውቅ ሰው ፊቱ ረዘም ያለ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ቀላ ያለ የሜዳ እንስሳ ነው። ሜዳው ውሃ አለው፣ አፈሩ ለም ነው፤ ስለዚህ ፈላጊው ብዙ ነበር። አንዱ ለስንዴ ይጠይቃል፣ ሌላው ለከብት ማድለቢያ፣ ሌላው ለአበባ። ጥያቄው መዝገብ ቤት ይገባና ወደ ኃላፊው ሲወጣ ኅዳጉ ላይ በጋሽ ሽኩር ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበት ነው፦ «ቦታው እንዳይነካ ከበላይ አካል የቃል ትዕዛዝ የተሰጠበት መሆኑን አስታውሳለሁ።» ኃላፊው ያነባል። በመስኮት ወደ ዳገቱ ያያል። ከዚያ «ይመለስ» ብሎ ይፈርማል።

የእኛ አገር ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው የቃል ትዕዛዝ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የተጻፈ ትዕዛዝ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ሊጣራ ይችላል። የቃሉን ግን «ማን ነው ያዘዘው?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ያስፈልጋል፤ የጠየቀውም ሰው ለምን እንደጠየቀ ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ታዲያ የመዝገብ ቤት ሰው ከላይ የመጣ የቃል ትዕዛዝ በምን ይሰማል? ላይ ካሉት ጋር ካልተገናኘ በቀር አይሰማም። እንዲህ ብለን አስልተን ነው ጋሽ ሽኩርን ጆሮ ያደረግናቸው።

ስሌታችንን የሚያጠነክር ፎቶም ነበር። የአገሪቱ መሪ አንድ ጊዜ ሻሌሞን ጎብኝተው ነበርና ፎቶው የመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። መሪው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሜዳውን ያያሉ፤ ከኋላቸው አጃቢዎች ቆመዋል፤ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰው የክብር መዝገቡን አቅፎ ይታያል። ሰውየው ጋሽ ሽኩር ናቸው። በዚያ ፎቶ ፊት ሳልፍ ሁሌም ፈጠን እል ነበር።

ከዚያ የታደለ ነገር መጣ። ታደለ ጓደኛዬ ነበር፤ አንድ ቀን ክበብ ውስጥ በአለቆቻችን ላይ ቀልዶ አሳቀን። ጋሽ ሽኩር ያን ጊዜ ጥጋቸው ላይ ነበሩ፤ ሳናያቸው ነው የሳቅነው። ሳምንት ሳይሞላ ታደለ ወደ ጠረፍ ተዛወረ። ሲሰናበተን «በቃ፣ ጆሮ በልቶኛል» አለን። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ነፊሳ ሲሞቱ ለቅሶ ሄድን። ቤታቸው እዚያው ካዛንቺስ ከኡራኤል ብዙ የማይርቅ የቀበሌ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት መቼም ይወራል፤ ስለ ሟች ይወራል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ካርታም ይጫወታሉ። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ስለ ጤፍ ዋጋ ብናነሳ ነገ ምን ይተረጎምብን ይሆን ብለን ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳን። ጋሽ ሽኩር እስከ በር ሸኙንና «አትቆዩም?» አሉ።

«ሥራ አለን ጋሼ» አልኳቸው። ቀኑ እሑድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አቶ ቢንያም የሚባል ወጣት ኃላፊ ተሾመልን። ጠንካራ፣ ፈጣን፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጠርቶኝ «ሮማን፣ ለመጽሔቱ አንድ ዋና አርቲክል እፈልጋለሁ» አለኝ። «መሪያችን ለመሬትና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ያደረጉት አስተዋጽኦ። ሻሌሞን ሴንተር አድርጊው።»

«እሺ።»

«ግን ሲባል ሰማን የሚል ነገር አልፈልግም። ሰነዱን አውጪልኝ። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ።» ጠረጴዛው ላይ ያለ ፋይል በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይኼ ሻሌሞ ላይ የመጣ አዲስ የመሬት ጥያቄ ነው። ማለቴ፣ ትዕዛዙ ካለ ይመለሳል። ከሌለ ግን በሌለ ነገር ልማት አላግድም፤ እፈርምለታለሁ።»

ሜዳው በእኔ አርቲክል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ስለ ሜዳው አላሰብኩም። ደስ ብሎኝ ነው ደረጃውን የወረድኩት፤ የጋሽ ሽኩርን ጉድ የማይበት ቀን መጣ ብዬ።

እሳቸውን መጠየቅ አልፈለግኩም፤ ማስረጃ ያጠፋሉ ብዬ ሰጋሁ። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት እስኪወጡ ጠበቅኩና ገባሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። የሻሌሞን ፋይል ከመደርደሪያው አውርጄ ከላይ ወደ ታች ማገላበጥ ያዝኩ። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ያቺው የእጅ ጽሑፍ አለች። የመጨረሻው «ቀደም ሲል በተገለጸው መሠረት» ይላል፤ ከእሱ በፊት ያለውም «ቀደም ሲል» ይላል፤ ከሥሩ ያለውም እንዲሁ። ከየጽሑፉ ሥር የየዘመኑ ኃላፊ ፊርማ አለ። እንዲህ እያልኩ እስከ መጀመሪያው ወረቀት ወረድኩ። በመሪው ጉብኝት ማግሥት የተጻፈ ነው። እዚያም ያለው የጋሽ ሽኩር ጽሑፍ ብቻ ነው። ከላይ የመጣ ደብዳቤ የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም፣ ምንም የለም።

ተጠራጣሪ ሰው አንድ ፋይል ካየ አያርፍም። የዝውውር ፋይሉንም አወረድኩና የታደለን ፈለግኩ። የራሱ ማመልከቻ ተያይዟል። «የጠረፍ ሥራ ልምድ ለማግኘት ስለምፈልግ እንድዛወር» ይላል፤ ክበብ ውስጥ ከመቀለዱ በፊት የተጻፈ ነው። ወረቀቱን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቀና ስል ጋሽ ሽኩር በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«አገኘሽው?» አሉኝ።

«የሻሌሞ ትዕዛዝ የለም ጋሼ።»

«የለም» አሉ፤ ስለ ማንኛውም የጠፋ ፋይል እንደሚናገሩት።

«መሪው ያን ቀን ምን አሉ ታዲያ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ምንም አላሉም። አንዲት ቆርኬ ገና መውለዷ ነበር። ግልገሉ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሰውየው ቆመው ያያሉ። አጃቢዎቹ ሰዓት ማየት ጀመሩ። እሳቸው ግን ግልገሉ በእግሩ እስኪቆም ንቅንቅ አላሉም። ሲቆም ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኔ መዝገቡን እንዳቀፍኩ ቀረሁ፤ ሳይፈርሙልኝ።»

«እና የቃል ትዕዛዙ?»

«በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ሜዳውን ለስንዴ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እኔ ሽኩር ተዉ ብል ማን ይሰማኛል? እንደዚያ ቆመው ያዩ ሰው ቢጠየቁ አትንኩት ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩት።»

«እውነት መሪው እንዲህ ብለዋል ወይ ብለው ቢጠይቁዎትስ?»

«ማን ይጠይቀኛል? አንቺ ራስሽ ይኸን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ስለ እርስዎ የምንለውን ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ኳስ እንደማትወጂ አውቃለሁ» አሉ።

መነጽራቸውን አደረጉና «መጀመሪያ ላይ ላስተባብል አስቤ ነበር» አሉ። «ኋላ ግን እኔ ካልተፈራሁ ጽሑፌም እንደማይፈራ ገባኝ። ተውኩት። ነፊሳ ስትሞት ብቻ ነው የከበደኝ።»

ከዚያ አርቲክሉን በምን እንደምሞላው ጠየቁኝ። «ይታያል» አልኳቸው። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከቢሮ ወጥቼ እስከ ለገሃር በእግሬ ሄድኩ። አምኛቸዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ይኸ ሁሉ ትወና ቢሆንስ? ወጥመድ ቢሆንስ? እኔ ጽፌ እሳቸው ቢመሰክሩብኝስ? ደግሞም ልጆች አሉኝ፣ ደመወዜን የሚጠብቅ ቤት አለኝ። ታክሲው ውስጥም ይህንኑ ሳሰላስል ሰፈሬን አልፌ ወረድኩ። ግን ያ ግልገል ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። የሚዋሽ ሰው ቢሆን ኖሮ መሪውን ቢያንስ አንድ ንግግር ያናግራቸው ነበር።

ጻፍኩት። «መሪው የሻሌሞ ሜዳ እንዳይነካ በቃል ማዘዛቸውን በቦታው የነበሩት የመዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ሽኩር ይመሰክራሉ» አልኩ። አቶ ቢንያም አንብቦ ወደ መስኮቱ ዞረ። «የመሪው ስም ያለበት ጽሑፍ ሳይታይ አይታተምም። ወደ ላይ እንልከዋለን» አለ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እዚያ ሲደርስ አንድ ሰው «መቼ አዝዘዋል?» ካለ እኔም ጋሽ ሽኩርም ሜዳውም አለቀልን።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመጨረሻ ጽሑፉ ማኅተም ተመቶበት ተመለሰ። የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ «በቃል» ከሚለው ፊት በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ተጨምራለች። «አጥብቀው» ትላለች። አቶ ቢንያም ጥያቄውን «ይመለስ» ብሎ ፈረመበት።

ያችን ቃል ማን እንደጨመራት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንደኛው መጠየቅ የፈራ አንድ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ መሪው ራሳቸው አንብበው ግልገሉ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። አንዳንድ ቀን ይኸኛውን፣ አንዳንድ ቀን ያንን እጠረጥራለሁ።

መጽሔቱ ሲወጣ የጋሽ ሽኩር ነገር የባሰ ሆነ። ድሮ በሹክሹክታ ይባል የነበረው በጽሑፍ ወጣ፤ የመሪው የዓይን ምስክር ተባሉ። እኔ በሠራሁት አፍሬ አንድ ቀን ክበብ ውስጥ ሻዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

«አትቀመጪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አብረሽኝ ስትስቂ ካዩ ይደፍሩኛል። አንቺንም ይፈሩሻል። ሂጂ ወደ ኳስሽ።»

ሄድኩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ከሌሎቹ ጋር ተቀምጬ ስለ ኳስ አወራሁ። ሽኝት አልተደረገላቸውም፤ ማን ምን ብሎ ንግግር ያድርግ? ካዛንቺስ መፍረስ ሲጀምር ደግሞ ከሰፈሩ ሳይፈርስ የቀረው የእሳቸው ቤት ብቻ ሆነ። ከወንዙ ዳር ስለሆነ ግንባታው አልደረሰበትም እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ሰፈርተኛው ግን ያንንም ማስረጃ አደረገው።

አስቴር የደወለችልኝ ቀን ከታክሲ ሰልፉ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ቀብራቸው ተፈጽሞ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከጥቂት ዘመዶች በቀር ሰው የለም። ሴት ልጃቸው ሐያት ሻይ ታዞራለች፤ ለገሃር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ አባቷን ቁርጥ ረዥም ሴት ናት። ትንሽ እንደቆየሁ አቶ ቢንያም ገባ። ሹመቱ ከፍ ብሏል፤ ሾፌር ይዞ ነው የመጣው። አጠገቤ ተቀመጠና ሰላምታችንን ስንጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያ የሻሌሞ ጥያቄ በሌላ ሰው ስም እንደገና መጥቷል» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውየው እውነት መሪውን ያውቋቸው ነበር? ትዕዛዙን በጆሯቸው ሰምተዋል?»

ሐያት ትሪውን ይዛ ከፊታችን ቆማ ነበር። የአባቷን ነገር ሰምታ እጇ ቀጥ አለ። እኔንም አየችኝ፤ መልሴን የምትጠብቀው ከቢንያም በላይ እሷ ናት።

«በደንብ ነው የሚተዋወቁት» አልኩ። «ሰምተዋል። የሚያደርሱላቸውም ነገር ብዙ ነበር ይባላል።»

ቢንያም ራሱን ነቀነቀ። ሐያት ሻዩን አስቀምጣልኝ ሄደች። ሳለቅስ ያየ ሰው በጋሽ ሽኩር መሞት መስሎታል።

ሜዳው አሁን ካርታ ተሠርቶለት፣ የድንበር ድንጋይ ተተክሎለት፣ በሕግ ተከልሏል። የማንም ቃል አያስፈልገውም። ይህን በሰማሁ ሳምንት ለገሃር ወርጄ የሐያት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባዶውን ፋይል፣ ግልገሉን፣ የታደለን ማመልከቻ፣ ክበቡን፣ በድንኳኑ ውስጥ ለምን እንደዋሸሁ። ወረቀት እየደረደረች ሰማችኝ።

«አባዬ ሰላይ አልነበረም እያልሽኝ ነው» አለች ስጨርስ።

«አልነበሩም።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ብታውቂ ትከላከይላቸው ነበር። ከተከላከልሽላቸው ደግሞ…»

«እሱማ እከላከልለት ነበር» አለች። ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ሰው ሰላይ ነው ሲለው እኔም አምኜ ነው የኖርኩት። ቤት ሆኜ ስልክ ሲደወልልኝ ወደ ግቢ ወጥቼ ነበር የማነሳው፤ እንዳይሰማኝ። በዝናብም ቢሆን እወጣለሁ። እስከሞተበት ሳምንት ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ለምን ትወጫለሽ ብሎኝ አያውቅም።»